መጀመሪያ «ደህና ናት»

የልጄ ትምህርት ቤት ነርስ ስልክ ሲደውሉ «ሃሎ» አይሉም። ማን እንደሆኑ አይናገሩም፣ እንዴት ዋሉም የለም። ከወዲያ በኩል ትንፋሽ እንደሰሙ «ደህና ናት» ይላሉ። ወንድ ልጅ ከሆነ «ደህና ነው»። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፤ የተላጠው ጉልበት፣ የተነቀለው ጥርስ፣ አምስት ስፌት የሚያስፈልገው ግንባር።

ወላጆች «ሲስተር» እንላቸዋለን። ልጆቹ ግን «ሲስተር ከረሜላ» ብለው ሰይመዋቸዋል። መሳቢያቸው ውስጥ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ከረሜላ አለ፤ የሚሰጠው ግን ስኳር ላለባቸው ልጆች ብቻ ነው፣ ያውም ስኳራቸው ሲወርድ። በትምህርት ቤቱ እንዲህ ያሉ ሦስት ልጆች አሉ። ሌሎቹ ነገሩን እንደ አድልዎ ነው የሚያዩት። አንዱ ሆዱን ይዞ እየተንፏቀቀ ገብቶ «ሲስተር፣ ስኳሬ ወርዷል» ቢላቸው፣ «የወረደው ሱሪህ ነው፤ ቀበቶህን አጥብቅና ወደ ክፍልህ» ብለው እንደመለሱት ይወራል።

ክሊኒካቸው ድሮ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። አንድ ጠባብ አልጋ፣ ሚዛን፣ ትንሽ ማቀዝቀዣና አንድ መስታወቱ ጎድሎ በካርቶን የተሸፈነ መስኮት ነው ያለው። አየር የወጣላቸው ኳሶች አሁንም በመረብ ታስረው ጥግ ላይ ተሰቅለዋል። የሚጥላቸው ሰው ጠፍቶ አይደለም። ታሞ የተጋደመ ልጅ የሚቆጥረው ነገር ይፈልጋል ይላሉ ሲስተር። አሥራ አንድ ናቸው።

ከማቀዝቀዣው በላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ ውስጡ ካርዶች ናቸው። የልጆቹ መዝገብ ሌላ ቦታ ነው፤ እነዚህ የወላጆች ናቸው። «እናት፦ ትጮሃለች። ጩኸቷ እስኪያልቅ ጠብቂ፤ ከዚያ በደንብ ትሰማለች።» «አባት፦ እሺ እሺ ይላል እንጂ አልሰማም። አስደግሚው።» «አያት፦ ጆሯቸው ይከብዳል፤ ግን ጎረቤት ካስጠራሽ ይቀየማሉ።» ለማን ምን እንደሚነገር ሁሉም ነርስ ያውቃል፤ ሲስተር ግን እንዴት እንደሚነገር ጽፈው ይይዛሉ።

እዚህ ከመምጣታቸው በፊት ሃያ ሁለት ዓመት በሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ሠርተዋል። እዚያ ሳሉ አንድ ቀን ለአንዲት እናት ደውለው «ቶሎ ይምጡ» አሏት። ልጇ ምንም አልሆነም ነበር። ድኖ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው፤ የሚፈረም ወረቀት ነበረ፣ ቢሮው ደግሞ ሊዘጋ ደርሷል። እናትየው ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ ስትሮጥ ወድቃ ዳሌዋን ሰበረች። ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ እሷ ገባች። ሲስተር ይህን ሲያወሩ «ያንን አጥንት በሁለት ቃል የሰበርኩት እኔ ነኝ» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ነው በ«ደህና» መጀመር የለመዱት።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች አንድ ጊዜ ጠይቃቸው ነበር። «ሲስተር፣ ደህና ባይሆኑስ?»

«ያን ጊዜ አልለውማ» ብለው መለሱላት። «አንዴ በውሸት ካልኩት ሁለተኛ ማን ያምነኛል?»

እኔ ስለ እሳቸው የምጽፈው ቃሉን ሳይሉ የደወሉበት አንድ ቀን ስላለ ነው።

ልጄ ስኳር እንዳለባት ያወቅነው በጉንዳን ነው። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ውሃ በላይ በላይ ትጠጣለች፣ ከእንቅልፏ እየተነሣች ትሸናለች፣ ልብሷ ሰፋት። እኛ ሙቀቱ ነው አልን። አንድ ጠዋት እናቷ መፀዳጃ ቤት ወለል ላይ ጉንዳን ተሰልፎ አየች። አጥባ ጠረገችው። በማግስቱም ተሰልፎ አገኘችው። የሚሰለፈው ደግሞ ልጅቷ ከገባች በኋላ ብቻ ነው። ባለቤቴ ለምንም ነገር የማትቸኩል ሴት ነበረች፤ ያን ቀን ግን የቤት ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ልጅቷን አዝላ ሐኪም ዘንድ ሄደች። በሳምንቱ ከሆስፒታል ስንወጣ ልጅቷ ክንዷን እያየች ስታለቅስ፣ እናቷ ልታሥቃት ብላ «ነይ አንቺ ጉንዳኔ» አለቻት። ስሙ በዚያው ጸና። ዛሬ ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ጉንዳኔ ካላሏት አትዞርም።

ሲስተርና ባለቤቴ የሚነጋገሩት በደብተር ነበር። ባለ ካሬ ደብተር ነው፤ ግራው ገጽ የቤት፣ ቀኙ የትምህርት ቤት። ግራው ላይ ጠዋት የተለካው ስኳር፣ የተወጋችው ኢንሱሊን መጠን፣ ሰዓቱና የበላችው ይጻፋል። ቀኙ ላይ ሲስተር በዕረፍትና በምሳ ሰዓት የለኩትን ይጽፋሉ፤ የሚያሳስብ ነገር ካለ በቀይ። በመጨረሻው መስመር ግን ሁልጊዜ ከስኳር ጋር የማይገናኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «ዛሬ በገመድ ዝላይ የሚችላት አልተገኘም።» «ካልሲዋን ገልብጣ ነው የመጣችው፤ ደስ ብሏት ስለነበር አልነገርኳትም።» ባለቤቴ ያችን መስመር ራት ላይ ጮክ ብላ ታነባታለች። ቁጥሮቹን ለብቻዋ ነበር የምታነበው።

ሲስተር አንድ ሌላ ሕግ ነበራቸው። መድኃኒቱን በሚመለከት ትንሽ ነገር እንኳ ሲቀየር፣ ለልጅቷም ለወላጇም በአንድ ቀን ይነግራሉ። እናትና ልጅን ጎን ለጎን አስቀምጠው ነበር የሚያወሩት። «አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ካላወቀ ባልቀየርኩት ይሻለኛል» ይሉ ነበር።

ባለቤቴ ያረፈችው ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ወር ነው። ልቧ ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ ከሆስፒታል ደወሉልኝና «ቶሎ ይምጡ» አሉኝ። ቶሎ ሄድኩ። አልደረስኩባትም።

ስለዚያ ከዚህ የበለጠ አልጽፍም። ለዚህ ነገር የሚያስፈልገው ከዚያ ወዲያ ስልክ ማንሣት መተዌ ብቻ ነው። መስታወት ቆራጭ ነኝ። ጠዋት ስገባ የስልኩን ድምፅ አጥፍቼ ከመሣሪያ መሳቢያው ውስጥ እከተዋለሁ። ለሚጠይቀኝ «መስታወት ላይ እያለሁ ስልክ ቢጮህ እጄ ይስታል» እላለሁ፤ ፍጹም ውሸትም አይደለም።

የደብተሩም ነገር እንዲሁ ሆነ። የመጨረሻው የግራ ገጽ እስከ ግማሹ በባለቤቴ ጽሑፍ ተይዟል። ከሥሩ ልጽፍ እስክሪብቶ አነሣሁና ተቀመጥኩ። ልጄ ዳቦዋን ይዛ ቆማ አየችኝ።

«አባዬ፣ እኔ እጽፈዋለሁ» አለች።

ሰጠኋት።

መርፌውም በዚያው ሄደ። ሦስት ሜትር መስታወት ላይ የመቁረጫ አልማዝ ሲጎትት ንቅንቅ የማይለው እጄ ከልጄ ክንድ ሲጠጋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሁለት ቀን ታገሠችኝ። በሦስተኛው «አምጣው አባዬ፣ እችላለሁ እኮ፤ እማዬ አስተምራኛለች» አለችኝ። መጀመሪያ አጠገቧ እቆም ነበር። ከዚያ በሩ ጋ መቆም ጀመርኩ። ቀስ በቀስ እሷ አልጋ ላይ ሳለች ወጥቼ ወደ ሥራ መሄድ ለመድኩ።

ሲስተር በቀይ በጻፉ ቀን ማታ ደብተሩን ይዤ ዝም ብዬ እቀመጥ እንደነበር አላስተዋልኩም። ልጄ ግን አስተውላለች። ያንን ዝምታዬን ፈራችው። ስለዚህ የግራውን ገጽ ቁጥር በራሷ ታሳምረው ያዘች፤ ደብተሩንም ለእኔ ማሳየቷን ተወች። ሲስተር ሦስት ጊዜ «እባክዎ ይደውሉልኝ» ብለው በቀይ ጽፈዋል። አላየሁትም። አሥራ አራት ጊዜ ደውለዋል። እሱን በኋላ ስልኬ ላይ ቆጠርኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መስታወት ቤቱ ድረስ መጡ። የመስኮት ልክ ቁራጭ ካርቶን ላይ ጽፈው ይዘዋል። አሠሪዬን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው፤ ደንበኛ ሳይቀልዱበት የሚያሳልፉ ሰው አይደሉም።

«ለመኖሪያ ነው ለቢሮ?»

«ለክሊኒክ ነው።»

«እንግዲያው ወፍራሙን ይውሰዱ፤ በሽተኛው ሰብሮ እንዳያመልጥዎት።»

«የእኔ በሽተኞች ቁመታቸው ለመስኮቱ አይደርስም» አሉ ሲስተር። ከዚያ ወደ እኔ ጣታቸውን ቀስረው «ልኩን እሳቸው ይዩልኝ» አሉ።

ጋሼ ቀብድ ተቀብለው ደረሰኝ ሲጽፉ፣ ሲስተር ከትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛ ማዶ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። በአካል ቆመው እንኳ «ደህና ናት» ብለው ነው የጀመሩት። ከዚያ የታጠፈ ወረቀት ዘረጉ።

«እነዚህ የቤት ናቸው።» 118፣ 121፣ 119፣ 122፣ 120። «ቆንጆ ናቸው?»

«ቆንጆ ናቸው» አልኩ።

«በጣም ቆንጆ ናቸው። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ የሚታዘዝ ስኳር አይቼ አላውቅም። እነዚህ ደግሞ በነዚያው ቀኖች በአራት ሰዓት ዕረፍት እኔ የለካኋቸው ናቸው።» 287፣ 94፣ 310፣ 301፣ 76።

ሥራዬ ልክ መውሰድ ነው። አንድን መስኮት ሁለት ሰዎች ለክተው ይህን ያህል ከተለያዩ፣ አንደኛው ሳይለካ ነው የጻፈው።

«ማነው የሚጽፈው?» አሉ።

«እሷ ናት።»

«መርፌውንስ?»

አልማዙን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

«አይቆጧት፣ አደራ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለእርስዎ ብላ ነው። እርስዎ እንዳይከፋዎት ነው። ግን ስኳሩ ይህን አይረዳላትም። ከነገ ጀምሮ መርፌውን እርስዎ ይስጧት።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሲስተር።»

«ይንቀጠቀጥ። የእኔም ስጀምር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማንም አልሞተም።» ወረቀቱን አጥፈው ኪሴ ውስጥ አስገቡልኝ። «መምጣቴን ግን አይንገሯት። አሳበቀችብኝ ብላ ክሊኒኩን ከራቀችው ምንም አላውቅላትም።»

ሕጋቸውን የጣሱት ያን ጊዜ ነው። ስለ መርፌው አንድ ነገር ተቀየረ፤ ከሁለታችን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸውም አላስተዋሉም፣ እኔም አላስተዋልኩም።

በማግስቱ እንደ ልማዴ ቀድሜ አልወጣሁም። ሸሚዜን ተኮስኩ። እንቁላል ቀቀልኩ። አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መለኪያውንና መርፌውን በሳህን አድርጌ ክፍሏ ገባሁ። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ተኝታለች፤ ዓይኗ ግን ክፍት ነበር። ሳህኑን ስታይ ቀና አለች።

«ዛሬ አንተ ነህ?»

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ» አልኳት።

ጣቷን ወግቼ ለካሁ። 164 አለ። የማያምር ቁጥር በማየቴ ደስ አለኝ፤ ቢያንስ እውነተኛ ነው። ስምንት ዩኒት ኢንሱሊን ቀዳሁ። ክንዷን ዘረጋችልኝ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ልጄ መርፌውን አላየችም፤ ፊቴን ነበር የምታየው። ስጨርስ «እንደ እማዬ አደረግከው» አለችኝ። ቁርሷን አብረን በላን፣ ትምህርት ቤት በር ድረስ ሸኘኋት፣ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ደብተሩን አልከፈትኩም።

ትምህርት ቤት የሆነውን ኋላ ሲስተር ናቸው የነገሩኝ። በአራት ሰዓት ዕረፍት ልጄ እንደ ሁልጊዜው ልትለካ መጣች። ግንባሯ ላይ ላብ ነበረ። 58። ስኳር በውሃ በጥብጠው ሰጧት። ከሩብ ሰዓት በኋላ 74 ሆነ። ብስኩት ጨመሩላት። ከሩብ ሰዓት በኋላ መውጣት ሲገባው ወደ 61 ወረደ። ደግመው በጠበጡ። 52።

ደብተሩን ገለጡ። ግራው ገጽ ላይ፣ በልጄ ጽሑፍ፦ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር፣ 121፣ ስምንት፣ ዳቦና እንቁላል።

«ይህ የስምንት ሥራ አይደለም» አሉ ሲስተር ለራሳቸው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ጉንዳኔ፣ እናቴ፣ ዛሬ ማነው የወጋሽ?»

«አባዬ» አለች፣ ፈገግ ብላ። እውነቷን ነው።

«ስንት?»

«ስምንት።» ይህም እውነት ነበር።

ስምንት ብቻ ከሆነ እያበሉ እያጠጡ እዚያው ይይዟታል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ስኳሩ ለሰዓታት መውረዱን አያቆምም፤ በአፍ የሚሰጠው አይደርስበትም፣ ግሉኮስ በደም ሥሯ የሚሰጥበት ቦታ መድረስ አለባት። ሲስተር ምክትል ርእሰ መምህሩ መኪናቸውን እንዲያስነሡ ላኩ። እኔ ጋ ደወሉ። ሰባት ጊዜ ደወሉ። ልጄ «ሲስተር፣ ኳሶቹ ሃያ ሁለት ሆኑ እኮ» ስትላቸው ስልኩን ጥለው የነጭ ልብሳቸውን ኪስ በረበሩ። የመስኮቱ መስታወት ደረሰኝ እዚያ ነበር፤ አናቱ ላይ የመስታወት ቤቱ የመስመር ስልክ ታትሟል።

ያነሡት ጋሼ ናቸው። ድምፁን አውቀውት «መስታወትዎ ነገ ነው፣ ዛሬ አላልኩም!» ብለው ሊቀልዱ ጀመሩ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። እጀታውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ ዘረጉት።

ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ትንፋሼን እንደሰሙ አውቃለሁ። ቃሉን ጠበቅኩ።

«ዛሬ ጠዋት ስንት ሰጧት?» አሉ።

ቃሉ የለም።

«አባቷ፣ ይስሙኝ። ስንት ሰጧት?»

«ስምንት።»

«በራስዎ እጅ?»

«በራሴ እጅ።»

«በስንት ሰዓት?»

«አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ።»

ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ። «ደብተሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ነው የሚለው። የእሷ ጽሑፍ ነው። አሥራ ሁለት ከአሥር ላይ የት ነበሩ?»

«ሸሚዝ... ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር።»

«እሷስ?»

«ክፍሏ ውስጥ።» ከአፌ ሳይወጣ ገባኝ። እሳቸውም ገብቷቸዋል።

«ሁለቴ ወስዳለች። አሥራ ስድስት» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «ወደ ትምህርት ቤት አይምጡ። ወደ ሆስፒታሉ ይምጡ። የራስዎን ስልክ ያውጡ፣ እደውላለሁ። አሁን ያንሡ።»

መሳቢያውን ስስበው ከነመሣሪያው ወለሉ ላይ ተበተነ። ስልኩ መሬት ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር። አነሣሁት። ጋሼ መንገድ መሐል ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ታክሲ አስቁመው ጠበቁኝ፤ ለሹፌሩ ምን እንዳሉት አላውቅም፣ አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ ነዳ።

ሲስተር ስልኩን አልዘጉትም። ምንም አልነገሩኝም፤ ለእኔ የሚሆን ጊዜ አልነበራቸውም። የመኪና ሞተር ይሰማል፣ ጥሩንባ ይሰማል፣ የእሳቸው ድምፅ ይሰማል።

«ጉንዳኔ፣ እንዳትተኚብኝ። የዘጠኝን ማባዣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ዋሽተሻል። ዘጠኝ በሁለት?»

«አሥራ ስምንት።»

«ዘጠኝ በሦስት?»

«ሃያ ሰባት።»

«ዘጠኝ በአራት?» ዝም። «ዘጠኝ በአራት፣ እናቴ?»

«ሠላሳ... ሠላሳ ስድስት።»

ታክሲው መብራት ላይ ቆመ። አንዲት ሴት የልጅ ጋሪ እየገፋች በፊታችን ቀስ ብላ አለፈች።

«ዘጠኝ በአምስት?»

«አርባ አምስት» አለች፤ ድምፁ የእሷ አይመስልም፣ አፏ ውስጥ ጨርቅ ያለ ይመስላል።

«ጎበዝ። ዘጠኝ በስድስት?»

መልስ የለም።

«ዘጠኝ በስድስት። ጉንዳኔ። ዘጠኝ በስድስት።»

የሰማሁት የመኪናውን ሞተር ብቻ ነው። ከዚያ ሲስተር መኪናውን ለሚነዱት ለምክትል ርእሰ መምህሩ፣ «ይፍጠኑ» አሉ። «ወደ ጎኗ አዙሬያታለሁ። የያዝኩትን የማር ጠርሙስ ክዳን ይክፈቱልኝ፤ አይ፣ አትዋጠውም፣ ጉንጯን ከውስጥ እቀባዋለሁ። እርስዎ መንገዱን ይዩ።» ከዚያ ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ወደቀና ሁሉም ድምፅ ታፈነ። ከጆሮዬ አላነሣሁትም።

ሆስፒታሉ ያው ሆስፒታል ነው። ከባለቤቴ ወዲህ በዚያ መንገድ አላለፍኩም፤ ዳቦ ለመግዛት እንኳ በሌላ በኩል ዞሬ ነበር የምሄደው። በሩ ላይ ያሉት ዘበኛ ያውቁኛል መሰለኝ፣ መታወቂያ አልጠየቁኝም። የድንገተኛ ክፍሉ ኮሪደር ያው አረንጓዴ ቀለም ነው፣ ያው አግዳሚ ወንበር ነው። በሩ ዝግ ነበር። የዚያን ጊዜም ዝግ ነበር፤ የዚያን ጊዜ የወጣችው ነርስ ወለሉን እያየች ነበር የወጣችው።

አልተቀመጥኩም። በሩን እያየሁ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ስልኩ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሲስተር ናቸው። ነጭ ልብሳቸው እስከ እጅጌው ድረስ ማር ነክቶታል፣ ጸጉራቸው ተፈትቷል። ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ደህና ናት» አሉ።

ከዚያ ነው የተቀመጥኩት። እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ። «ስህተቱ የእኔ ነው» አሉ። «ለሁለታችሁ በአንድ ላይ መናገር ነበረብኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳላዛንፍ፣ ትናንት ብልጥ ልሁን አልኩ።»

«ስልኩን አለማንሣት የእኔ ነው» አልኳቸው።

«እሱማ የእርስዎ ነው» አሉ። ሊያጽናኑኝ አልሞከሩም። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ቃል ቀለል ያደረገኝ የለም።

ልጄ ክንዷ ላይ የግሉኮስ ቱቦ ተሰክቶ ነቅታ አገኘኋት። ገና እንዳየችኝ «ሃምሳ አራት» አለች። ነርሷ የምታወራው አልገባትም፤ እኔ ገባኝ። ግንባሯን ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነበር፤ ላቡ ግን ደርቋል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «አንቺ ቀድመሽ ወስደሽ ከነበረ፣ ወስጃለሁ አባዬ አትዪኝም?»

ቱቦውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«ሳህኑን ይዘህ ስትመጣ...» አለች። «ወስጃለሁ ካልኩህ ትመለሳለህ ብዬ ነው።»

በሳምንቱ መስታወቱን ይዤ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ካርቶኑን አነሣሁ፣ ፍሬሙን አጸዳሁ፣ መስታወቱን ገጠምኩ። ስቱኮውን ሳለሰልስ ሲስተር የብስኩቱን ቆርቆሮ አውርደው አንድ ካርድ እየጻፉ ነበር። የኛው ነበር። ከላይ የባለቤቴ መስመር አለ፤ «እናት፦ ሁሉንም ንገሪያት። አትደነግጥም» ይላል። በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዟል፤ እንዲነበብ ተደርጎ ነው የተሰረዘው። ከሥሩ፦ «አባት፦ ስልክ አያነሣም። አትሰልቺ።»

እንዳየሁት አዩ። አልደበቁትም። «እንግዲህ ይህን እንዳስተካክለው ያድርጉኝ» አሉና ካርዱን ሳይለውጡ መለሱት።

ደብተሩን አሁን እኔ ነኝ የምጽፈው። የመጀመሪያው ቀን 233 ጻፍኩ፤ የለካሁት ያንን ነው። ከሰዓት በኋላ ቀኙን ገጽ ገለጥኩ። ቀይ የለም። የመጨረሻው መስመር ላይ «አባቷ የት ነው ሐኪምነት የተማሩት? ጽሑፋቸው አይነበብም» ይላል። ራት ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጉንዳኔ ውሃው እስኪያንቃት ሣቀች። መርፌ ስንወስድ ደግሞ አዲስ ሕግ አለን። ማንም ቢወጋ፣ ሁለታችንም ቁጥሩን ጮክ ብለን እንናገራለን፤ ከዚያ ነው መርፌው የሚነሣው።

ስልኬ ከመሳቢያው ወጥቷል። መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ፣ ከልኩ ብረት አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፣ ድምፁም ክፍት ነው። አንድ ወር ያህል አልጮኸም። ባለፈው ማክሰኞ ግን ትልቁን የሱቅ መስታወት እየቆረጥኩ፣ አልማዙ መሐል ሲደርስ ጮኸ። እጄ ሳተ። ስንጥቁ ከመስመሩ ወጥቶ እስከ ጫፍ ሮጠ፣ ሁለት ሜትር ተኩል መስታወት ለሁለት ተከፈለ።

አነሣሁት።

«ደህና ናት» አሉ ሲስተር። «ማስቲካ ጸጉሯ ላይ ጓደኛዋ ለጥፋባታለች። እንዴት እንደሆነ አይጠይቁኝ። ከጆሮዋ በላይ መቁረጥ ሊኖርብኝ ነው፤ ልቁረጥ?»

«ይቁረጡት» አልኩ።

ጋሼ ከቢሯቸው ወጥተው መስታወቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ስልኩን አዩት። «አንተ ሰው! ማን ሞተ ብለውህ ነው?» አሉ። ከአፋቸው ሲወጣ ደንግጠው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ማንም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ማስቲካ ነው።»